ሞተር ለምን ይዘገያል? ኢንዳክሽንና ሲንክሮነስ ሞተሮች እንዴት ይሠራሉ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል።)

የዛሬው ትምህርታችን በየወፍጮ ቤቱ፣ በየእንጨት ሥራ ቤቱና በየፋብሪካው ሲዞር ስለሚውለው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ በሞተር እንጀራችሁን የምትበሉ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የምትማሩ፣ ለፈተና ፊዚክስ የምታጠኑ ሁሉ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ጥቂት ስሌት አለን።

በአቅራቢያችሁ ሞተር ካለ፣ ከጎኑ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ጠረግ አድርጋችሁ አንብቧት። የእህል ወፍጮ በሚያዞር መካከለኛ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይገኛል፦ 15 ኪሎ ዋት፣ 380 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ 30 አምፔር፣ በደቂቃ 1,460 ዙር። የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ለምን 1,460 ሆነ? ለምን ድፍን 1,500 አልሆነም? የጎደሉት 40 ዙሮች የት ሄዱ? የዚህን ጥያቄ መልስ ያወቀ ሰው ሞተር ለምን እንደሚዞር፣ ለምን እንደሚግልና ለምን እንደሚቃጠል ያውቃል።

(አጭር ሙዚቃ።)

ሞተሩን ብንፈታው ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች እናገኛለን። አንደኛው የማይንቀሳቀሰው የውጭ ክፍል ነው፤ ስቴተር ይባላል። ስስ የብረት ቅጠሎች ተደራርበው የተሠራ ሲሆን፣ በውስጥ ገጹ ዙሪያውን በተሰነጠቁት ቦዮች የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ ገብቷል። ሲቃጠል ዲናሞ ጠቅላይ ዘንድ ሄዶ እንደ አዲስ የሚጠቀለለው ይህ ሽቦ ነው። ሁለተኛው ክፍል በመሐል የሚዞረው ሮተር ነው። ዘንጉ ግራና ቀኝ በኩሺኔታ ተይዟል። በስቴተሩና በሮተሩ መካከል ያለው ክፍተት በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ቢሆንም ሁለቱ በጭራሽ አይነካኩም። ከመስመር የሚመጣው ኮረንቲም ስቴተሩ ላይ ያበቃል፤ ወደ ሮተሩ የሚሄድ አንድም ሽቦ የለም። ታዲያ ሮተሩን ምን አዞረው?

ከምሰሶው ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚገቡትን ሦስት ፌዞች እናስብ። በእያንዳንዱ ፌዝ የሚሄደው ኮረንቲ በሴኮንድ 50 ጊዜ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ አቅጣጫውን ይለውጣል። ሆኖም ሦስቱ በአንድ ጊዜ ከፍ አይሉም። አንደኛው ጫፍ ከደረሰ በኋላ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛው፣ በእኩል ርቀት እየተከታተሉ ይመጣሉ። ሽቦዎቹም በስቴተሩ ዙሪያ በዚሁ ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ስለዚህ መግነጢሱ አሁን በአንደኛው ፌዝ ሽቦ በኩል ይበረታል፣ ወዲያው በሁለተኛው፣ ከዚያ በሦስተኛው፣ ከዚያ እንደገና በአንደኛው። ብረቱም ሽቦውም ባሉበት ሆነው፣ መግነጢሳዊ መስኩ ብቻውን በስቴተሩ ውስጥ ይዞራል።

ይህ መስክ በምን ያህል ፍጥነት ይዞራል? ሽቦው ሁለት ዋልታ እንዲሰጥ ከተጠቀለለ፣ መስኩ በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞራል። ባለ አራት ዋልታ ከሆነ 1,500፣ ባለ ስድስት ከሆነ 1,000፣ ባለ ስምንት ከሆነ 750 ጊዜ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ50 ሄርዝ 6,000ን ለዋልታዎቹ ብዛት አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ሲንክሮነስ ፍጥነት ይባላል።

እዚህ ላይ ለሥራ የሚጠቅም ነገር አለ። ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱን ብታቀያይሩ የመስኩ አዟዟር ይገለበጣል። መስመር ከተጠገነ በኋላ ወፍጮው ወደ ኋላ የሚዞረው፣ የጉድጓድ ፓምፑም እየሠራ ውኃ የሚያሳንሰው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ኃይሉን አጥፍቶ፣ መጥፋቱንም በመለኪያ አረጋግጦ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ቦታ ማለዋወጥ ነው።

የሚዞር መግነጢሳዊ መስክን ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ፌራሪስና ኒኮላ ቴስላ በየፊናቸው ደረሱበት፤ ሁለቱም ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1888 ይፋ አደረጉ። በዓመቱ የሩሲያው ተወላጅ መሐንዲስ ሚኻይል ዶሊቮ-ዶብሮቮልስኪ ጀርመን ውስጥ ባለ ሦስት ፌዙን ሞተር ሠራ። ዛሬ ቡራዩ ውስጥ የሚዞረው የወፍጮ ሞተር በአሠራሩ ከዚያ ብዙም አልራቀም።

(አጭር ሙዚቃ።)

አሁን ወደ ሮተሩ እንመለስ። በሮተሩ ብረት ውስጥ የአልሙኒየም ዘንጎች ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ ጫፍና ጫፋቸው በቀለበት ተያይዟል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ መግነጢስ በአንድ አስተላላፊ ብረት አጠገብ ሲለዋወጥ በብረቱ ውስጥ ኮረንቲ ይፈጠራል። የስቴተሩ መስክ በቆመው ሮተር ዙሪያ ሲዞር በአልሙኒየሞቹ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። የተፈጠረው ኮረንቲ ሮተሩን ራሱን መግነጢስ ያደርገዋል፤ የሚዞረው መስክም ይጎትተዋል፤ ሮተሩ ይዞራል። ኮረንቲው በሽቦ ሳይመጣ በመግነጢስ አማካይነት እዚያው ስለሚፈጠር ሞተሩ ኢንዳክሽን ሞተር ተባለ።

እንግዲህ ወደ 40ዎቹ ዙሮች ደረስን። ሮተሩ ፍጥነት ጨምሮ ከመስኩ ጋር እኩል 1,500 ቢዞር ምን ይሆናል? ከአልሙኒየሙ አንጻር መስኩ የቆመ ይሆናል። የሚለዋወጥ መግነጢስ ከሌለ ኮረንቲ አይፈጠርም። ኮረንቲ ከሌለ የሚጎትት ኃይል የለም። በክረምት ጎርፍ የወሰደውን ግንድ አስቡ፤ ጎርፉ ግንዱን የሚገፋው ከግንዱ ፈጥኖ እስከሄደ ድረስ ነው፤ እኩል ከሄዱ መግፋት የለም። ሮተሩም ሥራ ለመሥራት ከመስኩ ወደ ኋላ መቅረት ግድ ይለዋል።

ይህ መዘግየት ስሊፕ ይባላል። 1,500 ሲቀነስ 1,460፣ 40 ነው። 40ን ለ1,500 ስናካፍል 2.7 በመቶ ገደማ ይመጣል። ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ሮተሩ 1,500 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ጤፉ ሲገባና ድንጋዩ ሲከብድ ሮተሩ ይበልጥ ይዘገያል፤ ሲዘገይ በአልሙኒየሙ ውስጥ የሚፈጠረው ኮረንቲ ይጨምራል፤ ኮረንቲው ሲጨምር ጉልበቱ ይበረታል። ሞተሩ ማንም ሳያዘው ጉልበቱን ከጭነቱ ጋር የሚያመጣጥነው በዚህ መንገድ ነው። የጎደሉት 40 ዙሮች አልባከኑም፤ ጤፉን የሚያስፈጩት እነርሱ ናቸው።

(ድምፅ፦ የወፍጮ ሞተር ሲነሳ፤ ከወፍራም ጉርምርምታ ተነስቶ ወደ ቀጭንና የረጋ ድምፅ ይሄዳል።)

ሰማችሁ? መጀመሪያ ላይ ያለው ወፍራም ድምፅ ሞተሩ እጅግ የሚጨነቅበት ጊዜ ነው። ሮተሩ ገና ስላልተንቀሳቀሰ መዘግየቱ 100 በመቶ ነው። በዚህች ቅጽበት ሞተሩ ከሰሌዳው ቁጥር ከ5 እስከ 7 ጊዜ የሚበልጥ ኮረንቲ ይስባል። የእኛው ባለ 30 አምፔር ሞተር ወደ 180 አምፔር ሊደርስ ይችላል። የጎረቤት መብራት ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው።

ይህን ለመቀነስ ብዙ ወፍጮ ቤቶች ስታር ዴልታ ማስነሻ ይጠቀማሉ። ልምድ ያለውን ወፍጮ አስፈጪ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። እህሉን አፍሳሹ ላይ ቢሞላም መውረጃውን ይዘጋል። እጀታውን ወደ ስታር ይገፋል፤ ከዚያ እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል። ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ሲረጋ እጀታውን ባንዴ ወደ ዴልታ ያሻግራል። መውረጃውን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱም በስታር እያንዳንዱ ጥቅልል በ380 ፈንታ 220 ቮልት ብቻ ያገኛል። ከመስመር የሚሳበው ኮረንቲ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ጉልበቱም እንዲሁ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። በስታር ላይ እያለ እህል የለቀቀበት ሰው አንድ ሦስተኛ ጉልበት ያለውን ሞተር ሙሉ ጭነት አሸክሞታል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ምክር አለን። ማስነሻው በእጅ የሚሠራ ከሆነ፣ መብራት ሲሄድ እጀታውን ወዲያው ወደ ዜሮ መልሱት። እጀታው ዴልታ ላይ እንዳለ መብራት ከመጣ ሞተሩ እህል እንደተጫነበት፣ በሙሉ ቮልቴጅ ይነሳል። ቺንጋው አጠገብ የቆመ ሰው ካለ ደግሞ ጉዳቱ በሞተሩ ብቻ አይቆምም።

(አጭር ሙዚቃ።)

አድማጮቻችን፣ ቀጥሎ ሞተርን የሚያቃጥሉ ሦስት ነገሮችን እንይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከመዘግየቱ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የቮልቴጅ ማነስ ነው። ሁሉም ሰው ምጣድ በሚጥድበት፣ ሁሉም ማሽን በሚሠራበት ሰዓት መስመሩ ይደክማል። የኢንዳክሽን ሞተር ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይወርዳል። 380ው ወደ 342 ቢወርድ፣ ማለትም 10 በመቶ ቢቀንስ፣ የቀረው ጉልበት 81 በመቶ ነው። ወደ 304 ቢወርድ 64 በመቶ ብቻ ይቀራል። እህሉ ግን አልቀነሰም። ሮተሩ ጭነቱን ለመሸከም ይበልጥ ይዘገያል፣ የበለጠ ኮረንቲ ይስባል፣ ይግላል። ሙቀቱም በኮረንቲው ካሬ ልክ ይጨምራል። በሙያው የታወቀ ግምት አለ፤ ጥቅልሉ ከተፈቀደለት ሙቀት በየ10 ዲግሪው ሲያልፍ የሽቦው መሸፈኛ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። ስለዚህ ቮልቴጁ ሲወርድ የእህሉን መውረጃ አጥብቡ፤ በጣም ከወረደ ደግሞ ሥራውን አቁሙ። የአንድ ሰዓት ገበያ ቢቀርባችሁ ሞተር ከማስጠቅለል ይረክሳል።

ሁለተኛው የአንድ ፌዝ መጥፋት ነው። አንዱ ፊውዝ ሲቃጠል ወይም አንዱ ሽቦ ሲላቀቅ ሞተሩ በቀሩት ይሠራል። እየዞረ ከነበረ መዞሩን ይቀጥል ይሆናል፤ ነገር ግን ያንኑ ሥራ ለመሥራት በቀሩት ሁለት ፌዞች የሚሄደው ኮረንቲ 1.7 ጊዜ ያህል ያድጋል። ቆሞ ከነበረ ደግሞ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። የቀሩት ሁለት ሽቦዎች አንድ ላይ ሆነው እንደ አንድ ፌዝ ብቻ ስለሚሠሩ፣ በአንድ ፌዝ የሚፈጠር መስክ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ ስለማይዞር ነው። ቺንጋውን በእጅ ገፍቶ ለማስነሳት መሞከር ጣት ያስቆርጣል፤ እባካችሁ አታድርጉት። መከላከያው ኦቨርሎድ ሪሌይ ነው። በሰሌዳው አምፔር ልክ በባለሙያ ይስተካከል፤ ሥራ አስቆመን ብላችሁ በሽቦ አትዝለሉት።

በቤታችን ያለው ባለ አንድ ፌዝ የውኃ ፓምፕም ይህ ችግር ስላለበት ነው ካፓሲተር የተገጠመለት። ካፓሲተሩ ለሁለተኛው ጥቅልል ቀደም ብሎ የሚሄድ ኮረንቲ ይሰጠዋል፤ በዚህም የሚዞር መስክ ይፈጠራል። እያጉረመረመ የማይነሳ ፓምፕ ብዙ ጊዜ የጎደለው ካፓሲተር ነውና፣ ፓምፑን ከመጣላችሁ በፊት እሱን አስፈትሹ።

ሦስተኛው ነገር ከቦታችን ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ሞተር አምራቾች በሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ኃይል በተለመደው ደንብ መሠረት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር፣ እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ የሚሠራ ነው። ሰበታና ቡራዩ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ማራገቢያ እንደ ቆላ አገር አያቀዘቅዘውም። በሌላ በኩል አየራችን ቀዝቃዛ መሆኑ ይክሳል። ይህ ካሳ የሚሠራው ግን ሞተሩ ደጅ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ካገኘ ነው። መስኮት በሌለው፣ በቆርቆሮ በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ክንፎቹ በዱቄት ተደፍነው የሚሠራ ሞተር ከከፍታውም ከሙቀቱም ተጎድቷል። የወፍጮ ቤታችሁን መስኮት ክፈቱ፤ በየሳምንቱ ኃይሉን አጥፍታችሁ የሞተሩን ክንፎች በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ወጪ የሌለው ጥገና ነው።

(አጭር ሙዚቃ።)

እስካሁን ስለሚዘገየው ሞተር ተናገርን። የማይዘገይም አለ፤ ሲንክሮነስ ሞተር ይባላል። ስቴተሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ሮተሩ ላይ ነው። የሲንክሮነስ ሞተር ሮተር የራሱ መግነጢስ አለው፤ ወይ ቋሚ ማግኔት ተቀብሮበታል፣ ወይ ቀጥተኛ ኮረንቲ በተለየ መንገድ ይገባለታል። መግነጢሱን ከስቴተሩ መበደር ስለማያስፈልገው መዘግየትም አያስፈልገውም። የሮተሩ ዋልታ ከመስኩ ዋልታ ጋር ተያይዞ እኩል ይዞራል፤ ባለ አራት ዋልታ ከሆነ ልክ 1,500። ጭነት ሲጨምር ሮተሩ በትንሽ ማዕዘን ወደ ኋላ ያዘነብላል እንጂ ፍጥነቱ አይቀንስም። ጭነቱ ከአቅሙ ካለፈ ግን ከመስኩ ይላቀቅና ይቆማል።

ሌላም ፈተና አለበት። ከቆመበት በቀጥታ ከመስመር ጋር ቢገናኝ አይነሳም። መስኩ በሴኮንድ 25 ጊዜ እየዞረ ከባዱን ሮተር አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ሲስበው ባለበት ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ወይ በሮተሩ ላይ የኢንዳክሽን ዘንጎች ተጨምረው እንደ ኢንዳክሽን ሞተር ይነሳል፣ ወይ ኤሌክትሮኒክስ ከዝቅተኛ ሄርዝ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይወስደዋል።

ይህ ማሽን በአገራችን ትልቅ ሥራ የሚሠራው በተገላቢጦሽ ነው። ዘንጉን ውኃ ሲያዞረው ጀነሬተር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ቆቃ፣ በ1973 የተከተለው ፊንጫ፣ 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋቱ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ፣ ሁሉም ኃይል የሚያመነጩት በሲንክሮነስ ማሽን ነው። በአንድ መረብ የተያያዙ ጀነሬተሮች በሙሉ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፤ አንዱ ብቻውን ሊቀድም ወይም ሊዘገይ አይችልም። ቡራዩ ባለው ወፍጮ ስቴተር ውስጥ የሚዞረው መስክም ዓባይ ላይ ከሚዞረው ሮተር ጋር እርምጃው አንድ ነው። አገሪቱ ከሚመነጨው በላይ ኃይል ስትጠቀም የሁሉም ጀነሬተር ፍጥነት፣ ከእርሱም ጋር 50ው ሄርዝ መውረድ ይጀምራል። ተቆጣጣሪዎቹ አንዳንድ መስመሮችን ከሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህን መውረድ ለማስቆም ነው።

ወደ ሰበታ እንሻገር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሚነሳው ከሰበታ ነው። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ጭነት ጎታቾቹ ሎኮሞቲቮች ግን የሚጠቀሙት ባለ ሦስት ፌዝ ኢንዳክሽን ሞተር ነው። በሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ኢንቨርተር ከአንዱ ፌዝ ሦስት ይሠራል፤ ሄርዙንም እንደፈለገ ይለዋውጣል። ባቡሩ ሲነሳ ከጥቂት ሄርዝ ስለሚጀምር መዘግየቱ ትንሽ ሆኖ ጉልበቱ ትልቅ ይሆናል። በቁልቁለት ደግሞ ሮተሩ ከመስኩ ሲቀድም ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ባቡሩን ይይዛል፣ ኮረንቲም ይመልሳል። ከሰበታ ከፍታ እስከ ባሕር ጠረፍ ለሚወርድ መስመር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ይኸው ኢንቨርተር በትንሹ ለወፍጮና ለፓምፕም ይሸጣል፤ ስታር ዴልታን ይተካል።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ በመንገዳችን የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ በአብዛኛው ባለ ቋሚ ማግኔት ሲንክሮነስ ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። ማግኔቱ ውድ ቢሆንም ሞተሩ ከባትሪው የሚያባክነው ጥቂት ነው። በአራቱም ጎማ የሚጎትተው የቮልክስዋገን አይዲ 4 ሞዴል ሁለቱንም ይዟል፤ ከኋላ ሲንክሮነስ፣ ከፊት ኢንዳክሽን። ኢንዳክሽን ሞተሩ በማያስፈልግበት ጊዜ ኮረንቲው ሲቋረጥ ቋሚ ማግኔት ስለሌለው የመኪናውን ጉዞ ሳይገታ ይዞራል።

(አጭር ሙዚቃ።)

አድማጮቻችን፣ ወደ ማጠቃለያችን ደርሰናል። ኢንዳክሽን ሞተር በመዘግየቱ ይሠራል፤ ከልክ በላይ ሲዘገይ ደግሞ ይቃጠላል። ቮልቴጅ ስታጎድሉበት፣ ፌዝ ስትነሱት፣ በስታር ላይ እህል ስትለቁበት የምትጨምሩበት መዘግየትን ነው። ሞተር ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ማስነሻውን የሚይዙት ብዙውን ጊዜ ወጣት ተቀጣሪዎች ናቸውና ይህን ለእነርሱ አስረዱ። እጀታ መግፋትን ብቻ የተማረ ልጅ ሞተሩ ሲያጉረመርም ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ድምፁ ምን እንደሚል የተማረ ግን ሞተሩንም ጣቱንም ያድናል።

ለመልመጃ ሁለት ጥያቄዎች እንተውላችሁ። አንድ፣ በሰሌዳው ላይ በደቂቃ 960 ዙር የተጻፈበት ሞተር ስንት ዋልታ አለው? መዘግየቱስ ስንት በመቶ ነው? ሁለት፣ መስመሩ ወደ 323 ቮልት ቢወርድ የባለ 380 ቮልቱ ሞተር ጉልበት ስንት በመቶ ይቀራል? መልሱን በሚቀጥለው ዝግጅታችን መጀመሪያ ላይ አብረን እንሠራለን። እስከዚያው በየሥራ ቦታችሁ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ፤ የሞተሩን አምፔርና ዙር ደብተራችሁ ላይ መዝግቡ። ሞተሩ የተበላሸ ዕለት ጠጋኙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

 

(የመውጫ ሙዚቃ።)